ሃያ አምስተኛው ተሳፋሪ

«ዐሥራ አንድ! ዐሥራ ሁለት! እትዬ፣ ከዘራዎን ያቀብሉኝ! ዛሬ ሪከርድ እንሰብራለን!»

በአውቶቡሱ የኋላ በር አጠገብ ቆማ ሰከንድ የምትቆጥረው ሬዲዮ ናት። ይህን ስም ያወጡላት የክፍሏ ልጆች ሲሆኑ፣ ምክንያታቸውም «ማጥፊያ ቁልፍ የላትም» የሚል ነው። ጡረተኛዋ መምህርት ከዘራቸውን አቀበሏት፤ አናጢው ከኋላ ክንዳቸውን ደገፉ፤ ቀድመው የገቡት የልብስ ማጠቢያ ቤት ሠራተኞች ደግሞ እጃቸውን ይዘው ሳቡ። ቀጥሎ ሁለት ጎረምሶች ሰዓት ሠሪውን ከነዊልቸሩ አንሥተው አሳፈሩት፤ እርሱም በአየር ላይ እንዳለ ባርኔጣውን አውልቆ ለተሰለፈው ሕዝብ ሁሉ እጅ ነሣ።

«ዐሥራ ዘጠኝ! ተዘጋ!»

አውቶቡሱ ውስጥ ጭብጨባው ቀለጠ።

ፌንጣ በዚያው ቅጽበት የፊተኛውን በር ይዛ ነበር። በፊተኛው በርና በእግረኛው መንገድ መካከል አፉን የከፈተ የውሃ መውረጃ ቦይ አለ፤ ስፋቱ አንድ ሜትር ይሆናል። ፌንጣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ታቅፋ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አፈግፍጋ፣ ቦዩን በአንድ ዝላይ ተሻግራ ደረጃው ላይ ታርፋለች። የዐሥራ አራት ዓመቷን ልጅ ትክክለኛ ስም የሚያስታውሰው ሰው ጥቂት የሆነው በዚህ ዝላይ ምክንያት ነው።

«እንደምን አደርክ፣ ሾፌር?» አለች የወር ካርዷን ከፍ አድርጋ።

«እንደምን አደርሽ፣ ተሳፋሪ?» አለ ሾፌሩ። አባቷ ነው። ጎሕ ሳይቀድ ወደ ጋራዥ ስለሚሄድ በየጠዋቱ የሚገናኙት እዚህ፣ በሰባተኛው ፌርማታ ነው። «ቁርስሽን በልተሻል?»

«ተሳፋሪ እንዲህ ተብሎ ይጠየቃል?»

«ይቅርታ። የተከበርሽ ተሳፋሪ፣ ቁርስሽን በልተሻል?»

የሰከንዱ ነገር የመጣው ከሰባት ወር በፊት ነው። ቀድሞ አውቶቡሶቹ የማዘጋጃ ቤቱ ነበሩ፤ ሾፌሩም የማዘጋጃ ቤቱ ቋሚ ሠራተኛ ነበር፤ የሚሮጥ ሰው ካየ ይጠብቀዋል፤ ስለ ሰከንድ ያነሣ ሰው አልነበረም። ከዚያ መስመሩ በውል ለአንድ ድርጅት ተሰጠ። አውቶቡሶቹ ብርቱካንማ ቀለም ተቀቡ፤ በጎናቸውም ፈገግ ያለ ፊት ተሣለባቸው። ሾፌሩ ውሉ በየስድስት ወሩ የሚታደስለት «አገልግሎት አቅራቢ» ተባለ። ከመሪው በላይ አንዲት ትንሽ ሣጥን ተሰቀለች፤ አውቶቡሱ በፌርማታ ላይ ከሃያ ሰከንድ በላይ ሲቆም እንደ ራበው ጫጩት መጮኽ ትጀምራለች። አስፋልቱ ላይ ከተቀባው መስመር አንድ እርምጃ አልፎ ወይም አንድ እርምጃ ቀርቶ ቢቆምም ያው ጩኸት ነው። ጩኸቱ ከዘለቀ የሾፌሩ ነጥብ ይቀነሳል፤ ነጥቡ ያለቀበት ሾፌር ውሉ አይታደስም። ለፌንጣ አባት የቀሩት ነጥቦች ሦስት ናቸው።

ቦዩም የዚያው ዘመን ትሩፋት ነው። የሲሚንቶ ክዳኑ የተሰበረው የመንገድ ጥገናው ቡድን ተበትኖ ሥራው ለሌላ ድርጅት በተሰጠ በሳምንቱ ነበር። አሁን ጥገና የሚጠየቀው በስልክ ሲሆን፣ የጠየቀ ሰው ቁጥር ይሰጠዋል። ለአናጢው እስካሁን ሦስት ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። «እንዴት ነዎት?» ሲሏቸው፣ «ደኅና ነኝ፤ አራት ሺህ ሁለት መቶ ሰባት ነኝ» ይላሉ።

የሰባተኛው ፌርማታ ሰው በዚህ ሁሉ ሊያማርር ይችል ነበር። አላማረረም፤ ጨዋታ አደረገው። የኋላው በር የሚያርፈው በደረቅ መሬት ላይ ስለሆነ ሾፌሩ ለሽማግሌውና ለአሮጊቷ፣ ዕቃ ለተሸከመውና ልጅ ላዘለችው ሁሉ እርሱን ይከፍታል። የድርጅቱ ደንብ «የኋላ በር ለመውረጃ ብቻ ነው፤ የጣሰ ነጥብ ይቀነስበታል» ይላል። ነገር ግን ሣጥኗ ከኋላ የሚሆነውን አታይም፤ ሾፌሩም ለማንም አላወራም። ሰዉ በቅደም ተከተል ይሰለፋል፤ ሬዲዮ ትቆጥራለች፤ ከሃያ በታች የተጨረሰ ዕለት የሰፈሩ ሰው እንደ ዋንጫ ባለቤት አንገቱን ቀና አድርጎ ይውላል።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ግን በፌርማታው ምሰሶ ላይ አንድ የድርጅቱ ማስታወቂያ ተለጥፎ ተገኘ። መምህርቷ መነጽራቸውን አደረጉና፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት ክፍል ባስተዳደሩበት ድምፅ አነበቡት፦

«‹ሰባተኛው ፌርማታ በጠዋቱ ጉዞ በአማካይ አራት ተሳፋሪዎችን ብቻ የሚያስተናግድ በመሆኑ ከመጪው ወር ጀምሮ ይሰረዛል። ቅሬታ አቅራቢዎች ካሉ፣ ሐሙስ ጠዋት በሚካሄደው የማረጋገጫ ቆጠራ ሃያ አምስት ተሳፋሪዎች ሊገኙ ይገባል።›»



«አራት!» አሉ አናጢው፣ ሰፊ ሆዳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው። «እኔ ብቻዬን አራት አልሞላም?»

«አራቱ እነማን እንደ ሆኑ ይነገረን» አለ ሰዓት ሠሪው። «ሌሎቻችን መንፈስ መሆናችንን ዐውቀን አርፈን እንቀመጥ።»

«አንዷ እኔ መሆን አለብኝ» አሉ መምህርቷ፤ «ቀርቼ አላውቅም።»

«ኧረ እትዬ! እርስዎ አንዷ ከሆኑ፣ ደግፌ የማሳፍርዎት እኔ ምንድን ነኝ? ዕቃ?»

ሳቁ ሲበርድ ግን ሁሉም ወደ ቁልቁለቱ ተመለከቱ። የሚቀጥለው ፌርማታ ከኮረብታው ሥር ነው፤ ወደዚያ የሚያደርሰውም ሁለት መቶ ዐሥራ አራት እርከን ያለው የድንጋይ ደረጃ ነው። ለፌንጣ የአምስት ደቂቃ ሩጫ ነው። ለመምህርቷ ጉልበት ግን ወደ ታች አንድ ቀን፣ ወደ ላይ ሌላ ቀን ነው። ለዊልቸር ደግሞ ጭራሽ መንገድ አይደለም። ሰዓት ሠሪው ሱቁን የከፈተው ከተማው መሐል ነው፤ ደንበኞቹም እዚያ ናቸው። እርሱ ከሁሉም በላይ ስቆ ነበር፤ አሁን ግን የዊልቸሩን ፍሬን ያለ ምክንያት ይይዛል፣ ይለቃል።

በማግሥቱ ጠዋት ፌንጣ እንደ ልማዷ ዘለለች። ደረጃው ላይ ስታርፍ አንገቷ ቀና አለ፤ ከፊተኛው በር ጉበን በላይ የተሰካች የአዝራር ያህል መስታወት አረንጓዴ ብልጭ ስትል አየች። ከእርሷ ቀጥለው ሦስቱ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ልጆች ዘለሉ። ብልጭ፣ ብልጭ፣ ብልጭ። ከዚያ ፀጥ አለች። ከኋላ ሬዲዮ ዐሥራ ስድስት፣ ዐሥራ ሰባት እያለች ትጮኻለች፤ ሰው በሰው ላይ ይገባል፤ መስታወቷ ግን ጭል አላለችም።

«አባዬ!» አለች፤ የተሳፋሪና የሾፌር ወጋቸው ከአእምሮዋ ጠፋ። «አራቱ እኛ ነን! የምንዘለው!»

ከሰዓት በኋላ ነገሩን ለሁሉም ስታስረዳ፣ መምህርቷ ከዘራቸው ላይ ተደግፈው ጥቂት አሰቡ።

«እንግዲህ» አሉ፣ «ሰባት ወር ሙሉ በሥነ ሥርዓት ተሰልፈን ራሳችንን ስንሰርዝ ኖረናል ማለት ነው።»

በዚህ ጊዜ ሬዲዮ መሐል ገባች። «ታዲያ ቀላል ነው እኮ! ሐሙስ እኛ ልጆቹ ከፊት ዘልለን እንገባለን፣ ከኋላ እንወርዳለን፣ ዞረን ደግሞ ዘልለን እንገባለን። በአምስት ዙር ነፍ ሰው! ቆጣሪዋ ፊት አታይ፣ ስም አትጠይቅ። ቀውጢ አይደል?»

«ውሸት ነው» አለች ፌንጣ።

«አቦ አንቺ ደግሞ! ምን ዓይነት ሼባ ነሽ? ማሽን ይዋሻል እንዴ? የሚዋሸው ሰው ነው።»

ልጆቹ ሳቁ፤ ፌንጣም ሳታስበው ሳቀች። አናጢው ግን ነገሩን አልሰሙም ነበር። ቦዩ አጠገብ ተንበርክከው፣ በሜትራቸው ወዲህና ወዲያ እየለኩ ነው።

«ሁለት አሮጌ በሮች አሉኝ» አሉ ቀና ብለው። «ወፍራም እንጨት፤ ዝሆን ቢቆምባቸው አይነቃነቁም። ቦዩ ላይ ብናጋድማቸው ሰው ሁሉ በፊት ይገባል። ማንም ለማንም አይዋሽ። አራት ሺህ ሁለት መቶ ሰባትንም አንጠብቅ።»

ነገሩ በዚህ ተቆረጠ። ሬዲዮ ግን ዕቅዷን አልጣለችም፤ ለክፉ ቀን አስቀመጠችው።

በዚያ ምሽት አባቷ የሥራ ልብሱን ቁልፍ ሲተክል ፌንጣ አጠገቡ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ሰው በኋላ በር ማሳፈር ስንት ነጥብ ያስቀንሳል?»

«አንድ።»

«በየቀኑ?»

«በየጊዜው።» ክሩን በጥርሱ በጠሰ። «ሁሉም ቢቆጠርማ ኖሮ፣ እኔ ገና ሳልቀጠር ተባርሬ ነበር።»

ፌንጣ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ እንደ መጣ ተመለሰ። «ሐሙስ የሚመጣው ሰውዬ ቢጠይቀኝስ?»

አባቷ መርፌውን ልብሱ ኮሌታ ላይ ሰክቶ አስቀመጠው። «እርሱ ለአንቺ የተሰጠ ፈተና ነው፤ እኔ ልፈተንልሽ አልችልም» አለ። «ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ያንን በር የከፈትኩት ሳይታወቅብኝ ስለምቀር አይደለም። ቢታወቅም እከፍተው ነበር። በይ፣ አሁን ተነሺና ይህን ልብስ ለብሼ እዪኝ፤ ቁልፎቹ ልክ ናቸው?»

አልነበሩም። ሁለተኛውን ቁልፍ በሦስተኛው ቀዳዳ አንጻር ተክሎ ስለ ነበር፣ የልብሱ አንድ ወገን አንገቱ ሥር፣ ሌላው ሆዱ ላይ ሆነ። እናቷ ከጓዳ ብቅ ብላ አየችውና የያዘችውን ሳሕን አስቀምጣ እስኪያማት ሳቀች።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሰባተኛው ፌርማታ የሠርግ ቤት መሰለ። አናጢውና ሁለት ጎረቤቶች በሮቹን እየተጋገዙ አመጡ፤ አንደኛው በር እጀታው ገና አልተነቀለለትም፤ ሰዓት ሠሪውም «ከመሬት በታች ያሉት ወጥተው እንዳይሳፈሩ ቆልፉት» አለ። ሬዲዮ በኖራ አስፋልቱ ላይ አውቶቡስ ሣለች። መምህርቷ ሰልፉን አደራጁ፦ ቀርፋፋው ከፈጣኑ ቀጥሎ፣ ዕቃ ያለው ከባዶ እጁ ቀጥሎ። አሥር ጊዜ ተለማመዱ። በመጀመሪያው አርባ አንድ ሰከንድ ፈጀ፤ አናጢው እዚያ በሌለ መሪ ላይ ተቀምጠው እንደ ጫጩት ጮኹ። በአሥረኛው ሃያ ሁለት ደረሰ። ተቆጠሩ፤ ሃያ ሰባት ሆኑ።

ከሃያ ሰባቱ አንዱ በልምምዱ ላይ ሳይገባ ዳር ሆኖ «ጎበዝ! ጎበዝ!» ሲል እንደ ነበር ማንም ልብ አላለም። የኖራ አውቶቡስ በር ጠባብ አይደለም፤ የእውነተኛው አውቶቡስ የፊት በር ግን መካከሉ ላይ የብረት ምሰሶ ቆሞበታል። ሰዓት ሠሪው ይህን ያውቅ ነበር። የሰውን ደስታ ማበላሸት አልፈለገም።

ሐሙስ ጠዋት ቆጠራውን የሚያካሂደው ተቆጣጣሪ ከአውቶቡሱ ቀድሞ መጣ። ቀጭን ወጣት ነው፤ ታብሌቱን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ይዞታል። ኮረብታውን በእግሩ ስለ ወጣው ጫማው አቧራ ለብሷል።

«ጋሼ፣ ውሃ ልስጥዎት?» አለችው ፌንጣ።

«ኧረ ጋሼ አትበይኝ፤ ገና ሃያ ሦስቴ ነው» አለና ውሃውን በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው። «እግዜር ይስጥልኝ። ይህን ሁሉ ደረጃ በየቀኑ ነው የምትወጡት?»

«በአውቶቡስ ነው እንጂ! እርሱ ከቀረ ነው በእግር።»

«እ…» አለ፣ መልሱ ያልተመቸው መሆኑ እያስታወቀበት። ሬዲዮ ሥራው እስከ መቼ እንደሚቆይ ስትጠይቀው፣ በሳምንት በሳምንት እንደሚቀጠር ነገራት። ባለፈው ሳምንት የቤተ መጻሕፍት ወንበር ሲቆጥር ከርሟል፤ ከዚያ በፊት የጤና ጣቢያ አልጋ። «ሰው ስቆጥር የመጀመሪያዬ ነው» አለ። «ወንበር አይንቀሳቀስም፤ ደግ ነው።»

በዚህ መካከል መጥፎ ወሬ ደረሰ። ከልብስ ማጠቢያ ቤቱ ሠራተኞች ሁለቱ በጠዋት በስልክ መልእክት ወደ ሌላ ቦታ ተጠርተው በሌላ መኪና ሄደዋል፤ የእነርሱም ሥራ ከወራት በፊት ለድርጅት ተሰጥቷልና ዛሬ የት እንደሚውሉ የሚነገራቸው ዛሬ ነው። ሃያ ሰባቱ ሃያ አምስት ሆኑ።

«ልክ ሃያ አምስት! ምንም አይደል» አሉ መምህርቷ። «ተሰለፉ!»

አውቶቡሱ መጥቶ በመስመሩ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። የፊተኛው በር ተከፈተ፤ የአናጢው በሮች ቦዩ ላይ ተጋድመዋል። ፌንጣ መጀመሪያ ገባች፤ ክዳኑ ከተሰበረ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትዘል በመራመዷ ልትወድቅ ምንም አልቀራት። ከዚያ ሰዉ እንደ ወራጅ ውሃ ተከተለ። መምህርቷ፣ ከዘራው፣ ቅርጫቱ፣ የታዘለው ሕፃን፣ አናጢው። ብልጭ፣ ብልጭ፣ ብልጭ። ተቆጣጣሪው በሩ አጠገብ ቆሞ ታብሌቱ ላይ ያለውን ቁጥር ጮክ ብሎ ይጠራል፤ ሰዉም አብሮት ይጠራል። «ሃያ ሁለት! ሃያ ሦስት! ሃያ አራት!»

ከዚያ ማንም አልገባም።

ሁሉም በመስኮት ወደ ውጭ አዩ። ሰዓት ሠሪው በተለመደው ቦታው፣ በኋላ በር አንጻር ዊልቸሩን አቁሟል። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጓል።

«እኔ ዛሬ አልሳፈርም» አለ፣ ለሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ሰዓቶቼ አርፍጄ ብመጣ አይቀየሙኝም። ሂዱ፣ ሂዱ!»

ሣጥኗ መጮኽ ጀመረች።

ፌንጣ ወደ አባቷ ዞር አለች። ጣቱ የኋላውን በር በሚከፍተው አዝራር ላይ ነው፤ አይጫነውም፤ አይነሣምም። ያ ጣት ሲያመነታ አይታ አታውቅም።

ሬዲዮ ክንዷን ቆነጠጠቻት። «ፌንጣ! ሰውዬው ታብሌቱ ላይ አፍጥጧል። በፍጥነት ውረጂና ተመልሰሽ ግቢ። አንድ ሰው እኮ ነው! አምስት ዙር አላልኩሽም፤ አንድ! ፌርማታው ተረፈ፣ አባትሽም ተረፈ፣ አለቀ!»

እውነቷን ነበር። ሁለት እርምጃ ወደ ውጭ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ። ማንም አይጎዳም። ፌንጣ በመስኮቱ ሰዓት ሠሪውን አየችው፤ ፈገግ ብሎ በባርኔጣው «ሂጂ» የሚል ምልክት ሰጣት። እርሱ መንገድ ላይ ቀርቶ፣ እርሷ በእርሱ ፈንታ ሁለት ጊዜ ትቆጠራለች። ነገስ? ነገ ደግሞ ተደብቆ ይሳፈራል፤ ሳይቆጠር።

ወረደች። ሬዲዮ በደስታ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ፌንጣ ግን ወደ በሩ አልተመለሰችም። በአውቶቡሱ ጎን፣ በተሣለው ፈገግታ ሥር አልፋ፣ እስከ ኋላ ሄደችና የዊልቸሩን እጀታ ያዘች።

«ወንድሜ!» ብላ ተጣራች። «ሃያ አምስተኛው እዚህ ነው።»

ተቆጣጣሪው መጣ። «በፊት ይግባ እንጂ።»

«ምሰሶ አለው፤ ዊልቸሩ አያልፍም።»

«ታዲያ በየቀኑ በየት ነው የሚገባው?»

አናጢው ጣሪያውን መመርመር ጀመሩ፤ መምህርቷ የከዘራቸውን ጫፍ። ፌንጣ በስፖኪዮው ውስጥ የአባቷን ዐይኖች አገኘች። ዐይኖቹ አዎም አላሉ፣ አይም አላሉ፤ እርሷን ብቻ ያያሉ።

«በኋላ በር» አለች። ድምፏ ከጠበቀችው ይልቅ ዝግ ብሎ ወጣ። «አባቴ ይከፍትለታል። ለእርሱ ብቻም አይደለም፤ የቦዩ ክዳን ከተሰበረ ጀምሮ ለሁላችንም ሲከፍት ኖሯል። እናንተ የምታውቁት አራታችንን ብቻ የሆነው ለዚህ ነው።»

የኋላው በር ትንፋሹን ለቅቆ ተከፈተ።

ሁለቱ ጎረምሶች ወርደው ሰዓት ሠሪውን አነሡት። «ቀስ በሉ፣ ዛሬ በተቆጣጣሪ ፊት ነው የምበረው» አላቸው፤ አውቶቡሱም በሳቅ ተናወጠ። ተቆጣጣሪው እንኳ ፈገግ አለ። ከዚያ በጣቱ ታብሌቱን ወደ ላይ፣ ወደ ታች ጎተተ።

«ቅጹ ላይ የኋላ በር የሚባል ቦታ የለም» አለ። «ሃያ አምስት ብዬ በእጄ ልሞላ እችላለሁ፤ በዐይኔ አይቻለሁና። ነገር ግን ስለ በሩ ከጻፍኩ የሾፌሩም ነገር አብሮ ይሄዳል።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኅቴ፣ በሩን ልተወው? ሃያ አምስት ብቻ ብዬ ልለፈው?»

ሣጥኗ ትጮኻለች። በዚህ ጊዜ ሞተሩ ጠፋ፤ ሣጥኗም አብራ ዝም አለች። አባቷ ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ በመቀመጫዎቹ መካከል አልፎ መጣና የዊልቸሩን ፍሬን ያዘ። ዘንበል ብሎ አየውና ቀና አለ።

«የጠየቀው አንቺን ነው» አላት። «እኔ ፍሬኑን ልይ።»

«አትተወው» አለች ፌንጣ፣ በኋላው በር ደረጃ ላይ ተቀምጣ። ተቆጣጣሪው ታብሌቱን በብብቱ ይዞ የበሩን ነገር የሚጽፍበት ወረቀት ሲፈልግ፣ መምህርቷ ከደብተራቸው አንድ ገጽ ቀድደው ከነእርሳሱ አቀበሉት።

«በኋላ በር የሚሳፈሩትን ልመዝግብ፤ መጀመሪያ እርስዎ ይናገሩ» አላቸው።

«እኔን ተወኝ። እርሷ ትንገርህ፤ ሁላችንንም ታውቀናለች።»

ተቆጣጣሪው አጠገቧ ተቀምጦ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። ፌንጣ ንግግሯ የእጁን ጽሑፍ እንዳይቀድመው ዝግ ብላ ጀመረች፦

«ጻፍ። ሰባተኛው ፌርማታ፣ የኋላ በር። ሰዓት ሠሪው፣ በየቀኑ…»